በቢሮው መስመር ላይ ማን ማን አለ?

ኔትወርክ ስካነር በአንድ የውስጥ መስመር ላይ የተገናኙ መሣሪያዎችን ፈልጎ የሚዘረዝር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ የጥበቃ ካሜራው፣ የሠራተኛው ስልክ፣ ራውተሩ ሁሉ በየአድራሻቸው ይወጣሉ፤ ከአድራሻው ጎን የመሣሪያው ስም፣ አምራቹ እና ለሌሎች ክፍት ያደረጋቸው አገልግሎቶች ይሰፍራሉ። ዴስክቶፕ ላይ በብዛት የሚጫኑት አንግሪ አይፒ ስካነር፣ አድቫንስድ አይፒ ስካነርና ኤንማፕ ናቸው። ሦስቱንም ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። ፍተሻው የሚካሄደው በቢሮው ኬብልና ዋይፋይ ላይ ብቻ ስለሆነ የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም፤ ኢንተርኔት ጭራሹን በተቋረጠበት ቀንም ይሠራል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለደሴና ለኮምቦልቻ ትልቅ ቁም ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ ኢንተርኔት በተቆራረጠ ቁጥር ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ከሸዋበር ወይም ከሆጤ ዳገት ወርዶ የመጣ ሰው፣ አንዳንዴም ከገጠር ወረዳ አድሮ የመጣ ገበሬ፣ ምን እንደተበላሸ የሚነግረው የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ኢንተርኔቱ ደህና ሆኖ የቆመው የቢሮው የራሱ የውስጥ መስመር ነው፤ ፕሪንተሩ አድራሻ ቀይሯል፣ ኬብሎችን የሚያገናኘው ስዊች ተቃጥሏል፣ ወይም ሁለት ራውተሮች ተጋጭተዋል። ይህንን ለመለየት ባለሙያ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ነፃ ፕሮግራምና ዝርዝሩን ማንበብ የሚችል ሰው ይበቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ሁለቱ ከተሞች በሰሜኑ ጦርነት በተያዙበት ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ የደሴ ሆስፒታል፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በርካታ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቢሮዎች የቆሙት ከፊሉ በድጋፍ፣ ከፊሉ በግዢ፣ ከፊሉ በጥገና በተገኘ ዕቃ ነው። በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ቦታ የገባ ዕቃ በንብረት መዝገብ ላይ ቢሰፍርም እንኳ መስመሩ ላይ የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ያልታወቀ መሣሪያ ደግሞ አይጠገንም፣ አይጠበቅም።

አድራሻው እና ጥሪው

በኔትወርክ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ አይፒ አድራሻ አለው። የተለመደው ዓይነት በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይሆናል። ለውስጥ መስመር ብቻ እንዲያገለግሉ የተከለሉትን አድራሻዎች የሚወስነው አሁን የሚሠራው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ነው፤ በ10፣ በ172.16 እና በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ ወገን ናቸው። በአነስተኛ ቢሮ ራውተሩ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ይሆናል፤ በፋይበር መስመር ላይ የሚገጠሙ የሁዋዌ ሣጥኖች ደግሞ 192.168.100.1 ይዘው መምጣት ያዘወትራሉ። የቀሩት መሣሪያዎች በዚያው ረድፍ ከራውተሩ አድራሻ ይቀበላሉ። በእንዲህ ዓይነቱ መስመር ላይ ለመሣሪያ የሚሰጡት አድራሻዎች 254 ናቸው፤ ስካነሩም እነዚህን ከ1 እስከ 254 በተራ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው የመጠየቂያ መንገድ ፒንግ ነው። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የሠራው ይህ አነስተኛ ፕሮግራም ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ መልሱን ይጠብቃል። ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ እንደመጣራት ነው። ቤት ያለ ሰው አቤት ይላል፤ ዝም ያለው ግን የለም ማለት አይደለም። ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋየርዎል የተባለው መከላከያቸው ስለሚከለክላቸው ለፒንግ አይመልሱም። በፒንግ ብቻ የተሠራ ዝርዝር ጎዶሎ የሚሆነው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኤአርፒ ይባላል፤ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1982 ነው። በአንድ ስዊች ላይ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች መልእክት ከመለዋወጣቸው በፊት አንዱ «ይህ አይፒ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ያሰማል፤ ባለቤቱም በፋብሪካ የተሰጠውን የማክ አድራሻ ይዞ ይመልሳል። ለዚህ ጥያቄ የማይመልስ መሣሪያ መልእክት ሊደርሰው ስለማይችል ዝምታን መምረጥ አይችልም። ኤንማፕ በራሱ የውስጥ መስመር ላይ ሲሆን አስቀድሞ የሚጠቀመው በኤአርፒ ነው። አንግሪ አይፒ በዋናነት በፒንግ ስለሚሠራ ዝም ያሉትን ሊያልፋቸው ይችላል። የኤአርፒ ጥያቄ ራውተር አይሻገርም፤ ስለዚህ የላይኛው ፎቅ በሌላ ራውተር የሚሠራ ከሆነ ታች ያለው ዴስክቶፕ የላይኛውን ማየት አይችልም።

የማክ አድራሻ 12 ቁጥሮችና ፊደሎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አይትሪፕልኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ለአምራች ድርጅቶች የሚያድላቸው ናቸው። ስካነሩ መሣሪያውን ሳያውቀው «ዜድቲኢ»፣ «ኤችፒ»፣ «ካኖን» ወይም «ሂክቪዥን» ብሎ የሚጽፈው ከእነዚህ ስድስት ምልክቶች ተነሥቶ ነው። ስልኮች ግን ከዚህ ሥርዓት ወጥተዋል። አንድሮይድ ከ10ኛው፣ አይፎን ከ14ኛው ሥሪት ጀምሮ ለየዋይፋዩ የፈጠራ ማክ አድራሻ ስለሚያወጡ የአምራቹ ስም ባዶ ይሆናል። መለያቸው ሁለተኛው ምልክት ነው፤ 2 ወይም 6፣ አለዚያም ኤ ወይም ኢ የተባለው የላቲን ፊደል ከሆነ አድራሻው የፈጠራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ፖርት ነው። አንድ ኮምፒውተር እስከ 65,535 በሚደርሱ የፖርት ቁጥሮች አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ለዕለት ሥራ ጥቂቶቹን ማወቅ ይበቃል። 80 እና 443 በብራውዘር የሚከፈት ገጽ፣ 445 በዊንዶውስ የተጋራ ፎልደር፣ 3389 ኮምፒውተርን ከሩቅ መቆጣጠሪያ፣ 554 የካሜራ ምስል፣ 9100 ፕሪንተር፣ 23 ደግሞ ቴልኔት የተባለው፣ የይለፍ ቃልን ሳይሰውር የሚያስተላልፍ አሮጌ መግቢያ ነው።

ከሦስቱ ፕሮግራሞች ዕድሜ ጠገቡ ኤንማፕ ነው። ፊዮዶር በሚል ስም የሚታወቀው ጎርደን ላየን እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1997 ፍራክ በተባለ መጽሔት ላይ ከነሙሉ ኮዱ አወጣው፤ በ2003 በወጣው «ዘ ማትሪክስ ሪሎድድ» ፊልም ውስጥም ትሪኒቲ የተባለችው ገጸ ባሕርይ ስትጠቀምበት ይታያል። በትእዛዝ መጻፊያ መስኮት የሚሠራ ቢሆንም ዜንማፕ የተባለ የሚጫኑ ቁልፎች ያሉት መስኮት አብሮት ይመጣል። አንግሪ አይፒን የጻፈው ኢስቶኒያዊው አንቶን ኬክስ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በአፕሉ ማክ ኮምፒውተርም ይሠራል። አድቫንስድ አይፒ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ሲሆን አምራቹንና የተጋሩ ፎልደሮችን ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይቀላል።

ፍተሻው ሲካሄድ

ፕሮግራሙ መውረድ ያለበት ከሠሪዎቹ ገጽ ነው። የአድቫንስድ አይፒ ስካነርን ስምና መልክ የያዙ፣ ውስጣቸው ግን ተንኮል አዘል የሆኑ ቅጂዎች በማስታወቂያ እየታገዙ ሲሠራጩ ተደርሶባቸዋል። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞር ቅጂም አያስተማምንም፤ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው የሚዞር ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ በደሴ ፒያሳ ያሉ የኮምፒውተር ጠጋኞች በየቀኑ ያያሉ። አንዳንድ አንቲቫይረስ እውነተኛውንም ስካነር አደገኛ ነው ብሎ ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ ሰርጎ ገቦችም ስለሚጠቀሙበት ነው። ያን ጊዜ የሚሻለው የፋይሉን ምንጭ ማረጋገጥ ነው። አንቲቫይረሱን አጥፍቶ መቀጠል ተገቢ አይደለም።

ለፍተሻ የሚመረጠው በኬብል ከዋናው ስዊች ጋር የተያያዘ ዴስክቶፕ ነው። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩ የራሱ አድራሻ ይታወቃል። በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ አይፒኮንፊግ የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ ሦስት መስመሮች ይፈለጋሉ፤ አይፒቪ4 አድራሻ፣ ሰብኔት ማስክ እና ዲፎልት ጌትዌይ። የመጨረሻው ራውተሩ ነው። ማስኩ 255.255.255.0 ከሆነና የኮምፒውተሩ አድራሻ በ192.168.1 ከጀመረ፣ የሚፈተሸው ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ነው።

አንግሪ አይፒ ሲከፈት ይህንን ረድፍ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሞላዋል፤ ቢሆንም ከጌትዌዩ ጋር ማመሳከር ይገባል። ስታርት ሲጫኑ ዝርዝሩ መሙላት ይጀምራል። ያልመለሰው አድራሻ በቀይ፣ የመለሰው በሰማያዊ፣ የመለሰና ክፍት ፖርት የተገኘበት በአረንጓዴ ምልክት ይታያል። የማክ አድራሻና የአምራች ዓምድ መጀመሪያ ላይ ስለማይኖር ቱልስ ከሚለው ምናሌ ውስጥ ፌቸርስ ተከፍቶ ይጨመራል። በዜንማፕ በኩል ደግሞ ትልቁ ጥንቃቄ የፍተሻውን ዓይነት መለወጥ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ተመርጦ የሚገኘው ኢንቴንስ ስካን የተባለው ጥልቅ ምርመራ ነው። ለመጀመሪያ ቆጠራ ፒንግ ስካን የሚለው በቂ ነው፤ ማን እንዳለ ብቻ ይለያል፣ ፖርት አይነካም።

ደሴ ፒያሳ ላይ ባለ ፎቅ ውስጥ የሚሠራ መካከለኛ ቢሮ በምሳሌነት ይወሰድ። ኃላፊው ስምንት ዴስክቶፕ፣ ሁለት ፕሪንተርና አንድ ራውተር አለን ይላል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ሳለ የተደረገው ፍተሻ 24 አድራሻ ያወጣል። 192.168.1.1 ላይ ዜድቲኢ የሚል ስም አለ፣ ፖርት 80 ክፍት ነው፤ ራውተሩ መሆኑ ነው። ሰባት አድራሻዎች ዴስክቶፕ በሚል ቃል ጀምረው ትርጉም የሌላቸው ሰባት ፊደልና ቁጥሮች አስከትለዋል። ይህ ዊንዶውስ ሲጫን ለኮምፒውተሩ ራሱ የሚሰጠው ስም ነው። ሰባቱ መኖራቸው ታውቋል፤ የትኛው የሒሳብ ክፍሉ፣ የትኛው የመዝገብ ቤቱ እንደሆነ ግን ከዝርዝሩ አይታወቅም። የእያንዳንዱን ስም በክፍሉና በተራ ቁጥሩ መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፍተሻ ሁሉ የሚነበብ ያደርገዋል። ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ መቅደም ያለበትም ይህ ነው።

ስምንተኛው ዴስክቶፕ አልወጣም፤ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ኬብሉ ተነቅሎ ወይም በአይጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። 192.168.1.34 ላይ ስም የሌለው፣ ሂክቪዥን የሚል አምራች የተጻፈበት፣ 80 እና 554 ክፍት የሆኑበት መሣሪያ አለ። ኃላፊው ያልቆጠረው የካሜራ መቅጃ ሣጥን ነው፤ ካሜራውን የገጠሙት ባለሙያዎች ሲሄዱ ከኔትወርኩ ጋር አያይዘውታል። አሥር ያህል አድራሻዎች የፈጠራ ማክ ያላቸው ናቸው፤ የሠራተኛ ስልኮች መሆናቸው ግልጽ ነው። በፒንግ መልሱ ላይ የሚታየው ቲቲኤል የተባለ ቁጥርም ይረዳል፤ 128 ዊንዶውስን፣ 64 ሊኑክስንና አንድሮይድን፣ 255 ብዙውን ጊዜ የኔትወርክ ዕቃን ያመለክታል። እነዚህ ሁሉ ተለይተው አንድ አድራሻ ቢቀር፣ ለዚያ አድራሻ ያለማቋረጥ ፒንግ እየተላከ ከስዊቹ ላይ ኬብሎቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ መልሱ የቆመበት ኬብል ወደ መሣሪያው ያደርሳል። ይህ የሚደረገው ሥራ ካበቃ በኋላ፣ ማንም ፋይል እያስቀመጠ ባልሆነበት ሰዓት ነው።

መብራት ከመጣ በኋላ

ስካነር በደሴ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግሥት ነው። ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለማን የትኛውን እንደሰጠ የያዘውን ማስታወሻ ብዙ ርካሽ ራውተሮች ኃይል ሲቋረጥ ያጡታል። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ስልኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ አድራሻ ይጠይቃሉ። ትናንት 192.168.1.12 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 19 ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም ወደ 12 ይልካል፤ ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» ነው ይላል። ከዚህ የባሰው 12 ለአንድ ሠራተኛ ስልክ የተሰጠ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ በአድራሻው ላይ የሚመልስ ስላለ ችግሩን መለየት ይከብዳል።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባሉ ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን ይህ ሲደርስ ጣጣው ይበዛል። ተማሪው ፍላሹን ይዞ ተሰልፏል፣ ማስረከቢያው ነገ ነው፣ ፕሪንተሩ መብራቱ በርቶ ተቀምጧል፤ ግን አያትምም። የተለመደው መፍትሔ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ አጥፍቶ ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን ነው። ይሠራል፤ እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት። በስካነር ግን ነገሩ ያጥራል። ፍተሻው ተደርጎ የፕሪንተሩ አምራች ስም ወይም ፖርት 9100 ያለበት አድራሻ ይፈለጋል፤ በኮምፒውተሩ የፕሪንተር ማስተካከያ ውስጥ አሮጌው አድራሻ በአዲሱ ይተካል፤ ወረቀቱ ይወጣል። ከዚያ ዘላቂው ሥራ ይከተላል። በራውተሩ ገጽ ላይ የፕሪንተሩ ማክ አድራሻ ተመዝግቦ ያ አይፒ ለእሱ ብቻ እንዲያዝ ይደረጋል። ለካሜራ መቅጃውና ለሰርቨሩም እንዲሁ። በጀት ካለ ለራውተሩና ለስዊቹ አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት ለኮምፒውተሮቹ ከመግዛት በፊት ሊታሰብ የሚገባ ነው፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ኃይል ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ችግር ሁለት ራውተር ነው። ዋይፋዩ ከጓሮ ክፍል አልደርስ ሲል አንድ ሰው ቴንዳ ወይም ቲፒ ሊንክ የተባለ ራውተር ገዝቶ ይመጣና ከግድግዳው ኬብል ጋር ያያይዘዋል። ኬብሉ በትክክለኛው መሰኪያ ካልገባ አዲሱ ራውተር ለመላው ቢሮ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ገሚሱ ኮምፒውተር በ192.168.1፣ ገሚሱ በ192.168.0 ይጀምራል፤ አንዱ ወገን ሌላውን አያይም፣ የተጋራው ፎልደር ለግማሹ ሰው ጠፋ ይባላል። ምክንያቱን ሳያውቁ ለቀናት መድከም ይቻላል። ከሁለት ኮምፒውተሮች ላይ አይፒኮንፊግን ማየት ጥርጣሬውን ያመጣል፤ በሁለቱም ረድፍ ላይ የሚደረግ ፍተሻ ሁለተኛውን ራውተር ከነአምራቹ ያጋልጠዋል። መፍትሔው አዲሱ ራውተር አድራሻ ማደሉን እንዲያቆም ማድረግና የዋይፋይ ማራዘሚያ ብቻ ሆኖ እንዲያገለግል መተው ነው።

ክረምት ደግሞ መብረቅ አለ። በደጋው ላይ በሰኔና በሐምሌ የሚወርደው መብረቅ በስልክ ወይም በኤሌክትሪክ መስመር ገብቶ ከስዊቹ መሰኪያዎች ጥቂቶቹን ብቻ ሊያቃጥል ይችላል። ከዝናቡ በፊት የተቀመጠ ዝርዝር ካለ ከዝናቡ በኋላ ከወጣው ጋር አስተያይቶ የጠፉት ሁሉ በየትኛው ስዊች ላይ እንደነበሩ ማወቅ አይቸግርም።

ክፍት የተተዉት

ቆጠራው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ክፍት አድርጎ ተቀምጧል የሚለው ነው። ለዚህ ሁለት ያለፉ ጥፋቶች መታወስ አለባቸው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የጀመረው ዋናክራይ የተባለ ጥቃት በፖርት 445 በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶት ነበር፤ የተጎዱት ያላስገቡት ናቸው። ከዚያ በፊት በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ዓለምን እየዞረ ቴልኔት የተከፈተላቸውን ካሜራዎች፣ መቅጃዎችና ራውተሮች ፈለገ፤ ከፋብሪካ ይዘውት በመጡት የይለፍ ቃል ገብቶ ተቆጣጠራቸው። ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚያጠቁትን ያገኙት በስካን ነው። ባለቤቱ ያልፈተሸውን ሌላው ይፈትሸዋል።

ስለዚህ ከዝርዝሩ ላይ 23 ክፍት የሆነበት መሣሪያ ሲገኝ ቴልኔቱ ይዘጋል። የካሜራ መቅጃው የይለፍ ቃል የገጠመው ባለሙያ የተወው ከሆነ ይለወጣል። 3389 የሚታይበት ዴስክቶፕ ከሩቅ መቆጣጠር የማያስፈልገው ከሆነ ይህ አገልግሎት ይጠፋል። 445 ላይ የተጋራው ፎልደር ለሁሉም ክፍት ሆኖ የደመወዝ ሰነድ የያዘ እንደሆነ መብቱ ለሚመለከተው ብቻ ይሰጣል። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2025 ወዲህ መደበኛ ድጋፍ የላቸውም፤ አሁንም ሥራ ላይ ያሉት ግን ብዙ ናቸው። መለወጥ ካልተቻለ ቢያንስ ፎልደር ማጋራታቸው ተዘግቶ መቀመጥ አለባቸው።

በዝርዝሩ ላይ ካሉት ስልኮች መካከል የቢሮው ያልሆኑ ካሉ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ ወደ ጎረቤት ሱቅ ከተሻገረ፣ ቃሉን መለወጥና ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ መክፈት ይበቃል። የስልኩን አድራሻ ይዞ ባለቤቱን ማሳደድ ከቆጠራው ዓላማ ውጭ ነው። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ የሠራተኛን እንቅስቃሴ በስልኩ አድራሻ መከታተልም ከዚያው ወገን ነው፤ ይህን መሣሪያ ለዚህ ማዋል የሰውን ክብር ይነካል።

ሐረጎን ወርዶ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ የነገሩ መልክ ይለወጣል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉባት ከተማ ናት። በፋብሪካ ውስጥ ከቢሮው ኮምፒውተር ሌላ ማሽኖችን የሚያዙ ፒኤልሲ የተባሉ መቆጣጠሪያ ሣጥኖች አሉ። ሞተር የሚያስነሡ፣ ቫልቭ የሚከፍቱ፣ ሙቀት የሚቆጣጠሩ እነዚህ ሣጥኖች ሲሠሩ የታሰቡት ጥቂትና የታወቀ መልእክት እንዲቀበሉ ነው። በተለይ አሮጌዎቹ በሺህ የሚቆጠር የፖርት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲወርድባቸው ሊደነዝዙ ወይም ሊቆሙ ይችላሉ። የቆመው ሣጥን ክር የሚፈትል ወይም ጠርሙስ የሚሞላ መስመር የሚመራ ከሆነ ምርቱ አብሮ ይቆማል፤ በማሽኑ አጠገብ ያለ ሰውም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በመሆኑም በፋብሪካ ውስጥ ከቢሮ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምርት መስመሩ ኔትወርክ ከቢሮው ኔትወርክ መለየት አለበት። ፍተሻ ካስፈለገ ማሽን ለጥገና በቆመበት ቀን፣ የጥገናው ኃላፊ ባለበት፣ በዝግታና ያለ ፖርት ምርመራ ይደረጋል። የማሽኑ አቅራቢ የሚለው ነገር ካለም አስቀድሞ ይጠየቃል። የሆስፒታል የምርመራ መሣሪያዎችም ከዚህ ተለይተው አይታዩም። በቢሮ ደረጃ እንኳ ጥልቅ ምርመራ መዘዝ አለው፤ ብዙ ፕሪንተሮች በፖርት 9100 የመጣላቸውን ሁሉ ስለሚያትሙ የስካነሩን ጥያቄ በወረቀት ላይ ዝባዝንኬ አድርገው ያወጡታል። ኤንማፕ የአገልግሎት ዓይነት ሲመረምር ከ9100 እስከ 9107 ያሉትን ፖርቶች ሳይነካ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ፈቃድ ከሁሉ ይቀድማል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዳታ ወይም ኔትወርክ መግባትን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ የተነካው የድርጅት ወይም ቁልፍ የሆነ መሠረተ ልማት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። የራስን መሥሪያ ቤት መስመር በኃላፊ ፈቃድ መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ የጎረቤት ባንክን፣ የሆቴል ዋይፋይን ወይም የዩኒቨርሲቲን ኔትወርክ መነካካት ሌላ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በሚያገናኘው ወረዳኔት የተያያዘ ቢሮ ውስጥ ያለ ባለሙያም የረድፉን ቁጥር ሲጽፍ መጠንቀቅ አለበት። 254 አድራሻ ለመፈተሽ አስቦ አንድ ቁጥር ቢስት ፍተሻው ከ65 ሺህ በላይ አድራሻዎችን ይዞ ከግቢው ሊወጣና የሌላ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን፣ የሚፈተሸው ረድፍና ሰዓቱም በዚያው ላይ ቢሰፍር ለባለሙያው ራሱ ጥበቃ ነው።

የስካነር ዝርዝር ሙሉ አይሆንም። የጠፋ ኮምፒውተር አይታይም፤ በዩኤስቢ ብቻ የተያያዘ ፕሪንተር አይታይም፤ ከሌላ ራውተር ጀርባ ያለው ሁሉ በአንድ አድራሻ ተሸፍኖ ይቀራል። ተገልጋዮች እርስ በርስ እንዳይተያዩ በተደረገበት ዋይፋይ ላይ ከራውተሩ በቀር ምንም ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠዋት ሥራ በሞቀበት፣ ሌላ ጊዜ ማታ ሁሉም በወጣበት ሰዓት መፈተሽ ይጠቅማል። የማታው አጭር ይሆናል፤ ራውተሩ፣ መቅጃው፣ ሰርቨሩና ሳይጠፉ ያደሩ ኮምፒውተሮች ብቻ ይቀራሉ። ከእነዚህ ሌላ በማታ የሚመልስ አድራሻ ካለ በቅድሚያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ውጤቱ በሲኤስቪ ፋይል ይወጣና በኤክሴል ይከፈታል። ፕሮግራሙ ካወጣቸው ዓምዶች ጎን የመሣሪያው ክፍል፣ የንብረት መለያ ቁጥር፣ የያዘው ሠራተኛና የተያያዘበት የስዊች መሰኪያ በእጅ ይጨመራሉ። የሚቀጥለው ወር ፍተሻ ከዚህ ጋር ተስተያይቶ አዲስ የገባውና የጠፋው ይለያል። ፋይሉ ለሰርጎ ገብም የተሟላ ካርታ ስለሚሆን በተጋራ ፎልደር ላይ አይቀመጥም፤ በይለፍ ቃል ተዘግቶ በኃላፊውና በባለሙያው ዘንድ ብቻ ይያዛል። ባለሙያው ሲዛወር ወይም ሲለቅ በርክክቡ ሰነድ ውስጥ ከኮምፒውተሮቹ ብዛት ጋር የመጨረሻው ፍተሻ፣ የራውተሩ መግቢያና ለየመሣሪያው የተያዘው አድራሻ አብረው ይፈረማሉ።